የቬሊካኖቭ ኳርቴት ያስከተለው ሞት

ቫዮሊን ተጫዋቹ ሳቬሊ ካርፖቪች፣ ቬሊካኖቭ ለአራት ተጫዋቾች በደረሰው ኳርቴት በደም የጨቀየ ኖታ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። አናቱ በነሐስ መቅረዝ ተፈርክሷል፤ ያ አልበቃ ብሎ አንገቱ በቀጭን ክር ታንቋል። የፒተርስቡርጉ መርማሪ ተሬንቲ ሉኪች ብዙ ሬሳ አይቷል፤ ይኼኛውን ግን ሁለቴ ዞሮ አየው።

«ገዳዩ ተይዟል!» አለ ፖሊሱ ቦቻሮቭ ደረቱን ነፍቶ። «ቼሎ ተጫዋቹ ማትቬ ነው። ትናንት በሰው ፊት ‹አንቄ ነው የምገድልህ› ብሎታል። ሳይቤሪያ ሄዶ ድንጋይ ይፍለጥ!»

ማትቬ በሰንሰለት ታስሮ፣ ቁመቱ ወገብ ከሚያልፈው ቼሎው አጠገብ ጥግ ቆሟል። በቦቻሮቭ ቡጢ ከንፈሩ ተተርትሯል። «በንዴት ያልኩት ነው ጌታዬ! ሚስቴ ልትወልድ ነው፣ ስለ ፈጣሪ!»

ተሬንቲ ሉኪች ክሩን ከሟቹ አንገት ፈልቅቆ ወደ መስኮቱ ወሰደው። ከበግ አንጀት የተሠራ ነው፤ ደም ያልነካው ጫፉ ላይ ክር የሚመታበት ደጋን የሚቀባው ሙጫ ብናኝ አለበት።

«ቦቻሮቭ፣ የቼሎ ክር እኮ ወፍራም ነው። ይኼ ከቫዮሊን ወይም ከቪዮላ የወጣ ነው፤ ያውም ሲጫወቱበት የከረመ። በሟቹ ቫዮሊን ላይ ደግሞ አራቱም አሮጌ ክሮች አሉ።»

ከአራቱ ተጫዋቾች የቀሩት ሁለቱ ተጠሩ፦ ከቫዮሊን ጥቂት የሚተልቀውን ቪዮላ የሚጫወተው ሽማግሌ ኤፊም ኒሎቪችና ዕድሜውን ሁሉ የሳቬሊ ሁለተኛ ቫዮሊን ሆኖ የኖረው ላሪዮን ፎሚች።

«እኔን ‹አንተ ሬሳ› ነበር የሚለኝ» አለ ኤፊም። «ይኸው፣ ማን ሬሳ ሆነ!»

«ከትናንት ወዲህ ክር የቀየረ አለ?» አለ ተሬንቲ።

«ነገ ኮንሰርት እያለ? አዲስ ክር እስኪረጋ እየላላ ጉድ ይሠራል። እብድ ነው የሚቀይረው!» አለ ኤፊም።

«እኔም አልቀየርኩም፤ እምላለሁ» አለ ላሪዮን።

«እንግዲያው የቬሊካኖቭን ኳርቴት አሰሙኝ፤ ያን የዝግታውን ክፍል። ላሪዮን ፎሚች፣ የሟቹን ዜማ እርስዎ ይያዙት፤ በራስዎ ቫዮሊን።»

ላሪዮን እምቢ ማለት ይችል ነበር። ግን ያ ዜማ! ስንት ዘመን ከሥሩ ሆኖ ሲያጅብ የኖረ ሰው እንዴት አድርጎ እምቢ ይበል? ቫዮሊኑን አገጩ ሥር አስገባ። ማትቬም ለጊዜው ተፈቶ ቼሎውን ያዘ።

ወይ ሲያምር! ቦቻሮቭ እንኳ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ግን ዜማው ከፍ ሲል የላሪዮን ቫዮሊን ከቅኝቱ ወረደ። ላሪዮን ክሩን አጠበቀው። ደግሞ ላላ። እንደገና አጠበቀ፤ እንደገና ላላ። ኤፊም ደነገጠና መጫወቱን አቆመ።

«የታነቀበት ክር ከአንዳችሁ መሣሪያ የወጣ ነው» አለ ተሬንቲ። «የኤፊም ኒሎቪች ቅኝት ንቅንቅ አላለም። የእርስዎ ክር ግን ዛሬ የታሰረ ነው። የሚደብቁት ነገር ከሌለ ለምን በሐሰት ማሉ? የማትቬን ፉከራ ሰምተው ነበር፤ የሚታሰርልዎ ሰው አላጡም።»

ላሪዮን መቅረዙን አፈፍ አድርጎ ወደ መርማሪው ዘለለ። ቦቻሮቭ አፍንጫው ላይ አሳረፈበትና ወለሉ ላይ ደፋው።

«በደጋን አናቴን ይቀጠቅጠኝ ነበር!» ጮኸ ላሪዮን፣ ደም እየተፋ። «ዜማውን አንድ ቀን ልጫወተው ስለው ‹እኔ ሞቼ ስቀበር› አለኝ! መታሁት። ማቃሰቱን አልተው አለ፤ ክሬን ፈትቼ አነቅሁት።»

ላሪዮን የወደቀውን ቫዮሊን በዓይኑ ፈለገው።

«ከዜማው የቀረችውን ልጨርሳት ጌታዬ፤ ከዚያ ውሰዱኝ።»

ተሬንቲ ሉኪች ፈቃዱን ሊጠይቅ ወደ ማትቬ ዞረ። ማትቬ የከንፈሩን ደም በእጅጌው ጠረገና ደጋኑን አስቀመጠ።

«ከእኔ ጋር አይጫወትም» አለ። ኮፍያውን አንስቶ ወደ ሚስቱ ሄደ።