ከጆሮዋ ጀርባ ያለችው ጉንጉን

ይሄ በገዛ ቤቴ የሆነ ነገር ነው። ማንም አላወራልኝም፤ እኔው ነኝ ያየሁት።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ልጄ ሳሎን ወለል ላይ፣ ጉልበቶቼ መሃል ተቀምጣ ሹሩባዋን እየፈታሁላት ነበር።

ግማሹን ከፈታሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ...

ያለፈው ቅዳሜ ታምሜ ተኝቼ ነበር። ጸጉሯን አልሰራሁላትም፤ የበፊቱን ራሷ ፈታ፣ ጸጉሯን ለቃ ነው የወጣችው።

ታዲያ የማንን ሹሩባ ነው የምፈታው?

የሌላ ሰው ነው እንዳልል፣ የእጄን ሥራ አላጣውም። ልጄ ሕፃን ሳለች ጣቴ ላይ በር ዘግታብኝ የቀኝ እጄ ሌባ ጣት ከዚያ ወዲህ አይታጠፍም። ስለዚህ ከቀኝ ጆሮዋ ጀርባ ያለችው ጉንጉን ሁልጊዜ ወደ ላይ ትቆለመማለች። ሌላ ሰሪ እንዲህ አያበላሽም።

ይቺም ተቆልምማለች።

«ማን ነው የሰራሽ?» አልኳት።

«አንቺ ነሻ።» ስልኳን እየነካካች ነው።

«እኔ ታምሜ አልነበር?»

«ምን አውቃለሁ፣ እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር። እጅሽን ግን መች አጣዋለሁ፣ እማዬ?»

የቀረውን መንካት አልፈለግኩም፤ የፈታሁትን ብቻ በሻሽ አሰርኩላት። እኔ ታምሜ በተኛሁበት ዕለት ልጄ ያደረችው ቤት አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ነው።

ልጄ በመካኒካል ኢንጂነሪንግ ዶክትሬቷን እየሠራች ነው። እኔ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሼ የቀረሁ ነኝ፤ የምትሠራውን ሁሉ አልረዳም። የተረዳሁት፣ እንደ ሰው እጅ ለስላሳ ነገር የሚይዝ የብረት እጅ እየሠራች መሆኑን ነው። ለዚህ ብላ ባለፈው ዓመት ሽቦ የበዛበት ጓንት አጥልቃልኝ ጸጉሯን እንድሰራት አደረገች። እጁ ከኔ እንዲማር ነው አለች። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።

ከዚያ ወዲህ ግን ልጄ የኔ የምትሆነው ቅዳሜ ብቻ ሆነ። ሌላውን ቀን የዚያ እጅ ናት። እራት ላይ ስለ እጁ ታወራለች። በእንቅልፏም ታወራለች። «ጣውንቴ ዛሬ እንዴት ዋለች?» እላታለሁ።

«ቅናት ቢቸረቸር ሱቅ ትከፍቺ ነበር!» ብላ ትስቅብኛለች።

ቀልድ መስሏታል። እኔ ግን ውስጤ ይነድ ነበር።

አሁን ደግሞ ጸጉሯ...

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አማካሪዋን ፕሮፌሰር ነው። ልጄ «ፕሮፌሰሯ እንዲህ አሉ» ሳትል ውላ አታውቅም። ሰኞ ምሳ ላደርስ ነው ብዬ ላብራቶሪው ድረስ ሄድኩ። ልጄ ክፍል ገብታ እያስተማረች ነበር። በሩን የከፈቱልኝ ፕሮፌሰሯ ራሳቸው ናቸው፤ ጸጉራቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጭተዋል።

«ልጄን ሹሩባ የሰሯት እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው። ሰላምታም አላስቀደምኩ።

«እኔ?» ሳቃቸው መጣ። «እኔ እኮ የጫማዬን ክር እንኳ በቅጡ አላስርም፣ እናቴ!»

አፈርኩ። ያኔ ነው ከኋላቸው ጠረጴዛው ላይ ያየሁት።

እጁን።

አራቱ ጣቶች ታጥፈዋል። ሌባ ጣቱ ግን ቀጥ ብሎ ቀርቷል።

«ይሄኛው ተበላሽቶ ነው?»

«አይ፣ ያንን ልጅዎን ይጠይቋት። ከእናቴ ነው የተማረው ብላ አላስነካ አለች።»

«ማታ ማታ... ይሠራል?»

«በምኑ? ሞተሮቹ ተነቅለው ለጥገና ከሄዱ ወር አልፏቸዋል። አሁን ዝም ያለ ብረት ነው።»

ስልካቸው ጠራና ወጣ አሉ። እኔ ቀረብ አልኩ።

በጣቶቹ መሃል ጸጉር ተጠምጥሟል። ረጅም፣ ጥቁር... የልጄ።

ልፈታው ስል ብረቱን ነካሁት።

ሞቋል። ከሰው ገላ እንደተነሳ እጅ።

ጎንበስ አልኩና በሹክሹክታ «ልጄን ተዪልኝ፣ ጣውንቴ» አልኳት። «ልጅሽ አይደለችም። የኔ ናት» ብዬ ጨመርኩ።

ምንም አልሆነም። ብረት ምን ይሆናል?

የዚያን ቀን ልጄ ከወትሮው ቀደም ብላ መጣች። የቀረውን ሹሩባ በሙሉ ፈታሁት።

«ምን ሆነሻል ዛሬ? ቅዳሜ እኮ አይደለም!»

«ዝም በይና ተቀመጪ።»

እንደ አዲስ ጥብቅ አድርጌ ሰራኋት። ከጆሮዋ ጀርባ ያለችውን በግራ እጄ ጎነጎንኳት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ ወጣች። አሁን ያ እጅ የማያውቀው ሥራ ሆነ አልኩ በልቤ። ልጄ ደክሟት ስለነበር መኝታ ክፍሏ ገብታ ጋደም አለች።

እኔ የውጪውን በር ልቆልፍ ሄድኩ። ቁልፉን አንዴ አዞርኩ። መቀርቀሪያውን በሁለት እጄ ገፋሁት። ገባ።

እፎይ ልል ስል፣ ከመኝታ ክፍሉ የልጄ ድምፅ መጣ። እንቅልፍ የያዘው ድምፅ...

«እማዬ... ለምን ትፈቺዋለሽ? አሁን ሰርተሽኝ የለ?»

ሁለቱም እጆቼ መቀርቀሪያው ላይ ነበሩ።