ቀለም ያቃናው በርጩማ

«እማዬ፣ ዓይንሽ ደክሞ ነው እንጂ በርጩማው ያው በርጩማ ነው» አለኝ ልጄ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

ዓይኔ ደክሟል! ለዚህ ቤት ሸሚዝና ሱሪ ሁሉ ቁልፍ የምተክለው ማን ሆነና ነው? መርፌው ላይ ክር የማስገባውስ? ፊደል ስላልቆጠርኩ ያየሁትም እንዳላየሁ ይቆጠራል። ይሁን። የሆነውን እነግራችኋለሁ፣ እናንተው ፍረዱ።

በርጩማው የልጅ ልጄ ሥራ ነው። እኛ ቤት ፌንጣ ነው የምንላት፤ ቅልጥሟ ረጅም ነው፣ አንድ ቦታ አርፋ አትቀመጥም። ነገሩ የምትቀመጥበትም አልነበራትም። ወንድሞቿ ወንበሮቹን ቀድመው ይይዛሉ፣ እሷ አልጋ ጠርዝ ላይ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታጠናለች። አንድ ቀን «በቃ! የራሴን እሠራለሁ» ብላ ተነሳች። ስልክ ላይ ቪዲዮ አየች፣ የዕቃ ማሸጊያ ሳጥን ፈታታ ጣውላ አወጣች፣ መጋዝ ከጎረቤት ተዋሰች።

አንዱን እግር ስትመታ ምስማሩን ጫፉ ላይ አድርጋው እንጨቱ ተሰነጠቀ። ከእኔ ወፍራም ክር ለምና፣ ኮላ ውስጥ እየነከረች ስንጥቁ ላይ ጠመጠመችበት። በፋሻ የታሰረ ቁስለኛ መሰለ። አልቆ ሲቆም ደግሞ እንደ ሰካራም ይወዛወዛል።

«ፌንጣ፣ መርከብ ነው እንዴ የሠራሽው?» አላት ታላቅ ወንድሟ። «ማዕበሉ በረታብን እኮ!»

«አንተ አትሳፈር፣ ማን ለመነህ?» አለችና ተቀመጠችበት። እየተወዛወዘች የሒሳብ ልምምዷን ጨረሰች።

በሳምንቱ አባቷ፣ ያው ልጄ ማለት ነው፣ «ቀለም ልቀባልሽ» ብሎ ወሰደው። ሲመልሰው ጥቁር ቡናማ ሆኗል፣ ያብረቀርቃል። ፌንጣ ተቀመጠችበት። ወደ ግራ አለች፣ ወደ ቀኝ አለች። ንቅንቅ የለም።

«አባዬ፣ ምን አደረግከው?»

«ቀለም ቀባሁት አልኩሽ እኮ።»

«መወዛወዙስ የት ሄደ?»

«ቀለሙ ሲደርቅ እንጨቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። በቃ፣ ይረጋል።»

እኔ ጎንበስ ብዬ እግሮቹን አንድ በአንድ ዳሰስኳቸው። ክሩ የለም። ስንጥቁም የለም። «ይሄ ያኛው እግር አይደለም» አልኩ። ዓይኔ የደከመው እንግዲህ ያኔ ነው። «ክሩስ?» ብል፣ «ኮላው ውጦት ነው» ብሎኝ እርፍ!

ፌንጣ እሱንም እኔንም አየችን። ማንን ትመን? አባቷ ዋሽቷት አያውቅም። እኔም ዋሽቻት አላውቅም። ግራ የተጋባ ሰው ግን የሚያስደስተውን ማመን ይቀናዋል፤ በርጩማውን ፎቶ አንስታ ለጓደኛዋ ላከች። ጓደኛዋ ለክፍል ኃላፊ መምህራቸው አሳየች። መምህሯም «እንግዲህ የክፍላችንን የመጻሕፍት መደርደሪያ አንቺ ነሽ የምትሠሪልን፤ ለሰኞ» አለቻት። ፌንጣ «እሺ» ብላ መጣች። እንዴት «እሺ» እንዳለች ለራሷም አልገባትም።

እጇን ለማፍታታት መጀመሪያ ሌላ በርጩማ ልሥራ አለች። እንደ መጀመሪያው ቆረጠች፣ እንደ መጀመሪያው መታች፤ እንደ መጀመሪያው ተወዛወዘ። ምንም አልደነገጠችም። አባቷ ያስተረፈውን ቀለም ቀብታ ፀሐይ ላይ አቆመችውና እስኪረጋ ትጠብቅ ጀመር።

ደረቀ። ተቀመጠችበት። ተወዛወዘ።

ቀለሙ ስስ ሆኖ ይሆናል ብላ ደገመችው። ፀሐዩ አንሶት ይሆናል ብላ ወደ ግቢው ሌላ ጥግ ወሰደችውና ሠለሰችው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ሄዳ በጣቷ ገፋ ታደርገዋለች። ያው ነው።

«እማማ» አለችኝ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ፣ «እንጨት የሰው እጅ ይለያል እንዴ?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ዓይነ ደካማ ነኝ» አልኳት። አኩርፌ ነበር።

እሑድ ማታ ራት ላይ ነገሩ ፈነዳ።

«አባዬ፣ የኔን ስንት ጊዜ ነው የቀባኸው?»

«አንድ ጊዜ» አለ ሳያስብ።

«እኔ ሦስት ጊዜ ቀባሁት።»

ታላቅ ወንድሟ ሊስቅ አፉን ከፈተና ፊቷን አይቶ መልሶ ዘጋው።

«እንጨቱ ያው ነው» አለች። «ምስማሩም ያው ነው። ቀለሙ ካንተ የተረፈው ነው። ምን እንዳጠፋሁ ሊገባኝ አልቻለም። መደርደሪያውን ሠርቼ ቢወዛወዝስ? መጽሐፍ ሰው ላይ ቢወድቅስ? ለመምህሯ ‹ቀለሙ ይደርቅና ይረጋል› ልበላት?»

ልጄ ማንኪያውን አስቀመጠ። ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ተመልሶ ሳህኑን አየ።

«አናጢው ነው» አለ በመጨረሻ። «መንገድ ዳር ያለው። እግሮቹን አውልቆ ሌላ ሠርቶ ገጠመበት። ትወድቂብኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው። ደግሞም እንደዚያ ለፍተሽ ተወዛወዘብሽ፣ ከፍቶሻል ብዬ...»

«አልከፋኝም ነበር» አለች ፌንጣ። «አልከፋኝም ነበር እኮ፣ አባዬ።»

ተነስታ ሁለቱን በርጩማዎች ጎን ለጎን አቆመቻቸው። የቱ የእሷ እንደሆነ የምታውቅ አትመስልም ነበር። አባቷን ትቀየመው ወይስ ታመስግነው፣ እሱንም አታውቅም። በሚያብረቀርቀው ላይ ለመቀመጥ ጎንበስ አለችና ተመልሳ ቆመች። ከዚያ ስልኳን አወጣች። ጽፋ ስትጨርስ ለእኔ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነበበችልኝ።

«ቲቸር፣ ፎቶው ላይ ያለውን በርጩማ እኔ ብቻ አይደለሁም የሠራሁት። እግሮቹ የአናጢ ናቸው። መደርደሪያውን መሥራት እፈልጋለሁ፤ ግን ገና አልቻልኩበትም። ሰኞ አይደርስልኝም።»

ጣቷ ስልኩ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ላከችው። የሚወዛወዘውን በርጩማ ገለበጠችና ከአንዱ እግር ምስማር በጉጠት መንቀል ጀመረች።

ልጄ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። «ቆይ፣ ቆይ፣ እኔ ልንቀልልሽ። ነገ ደግሞ አናጢውን አነጋግርልሻለሁ፣ መደርደሪያውንም...»

«ተቀመጥ!» አልኩት።

ቆመ።

«ተቀመጥ ብዬሃለሁ። ጉጠቱን ለእሷ ተውላት። ነገ አናጢው ጋ አብረሃት ትሄዳለህ፤ የምትጠይቀው ግን እሷ ናት። አንተ በሩ ላይ ቆመህ ትጠብቃለህ። ‹ልጄ ገና ናት፣ እጇን ትቆርጣለች› ብለህ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ!»