ሽማግሌ ሳይመጣ የተሞቀ እንሶስላ

በመስከረም ስማዳ ሕልም ይመስላል። ኑጉ ቢጫ፣ ተልባው ሰማያዊ፣ ባቄላው ነጭና ጥቁር ሆኖ መንገደኛው መሄዱን ረስቶ ይቆማል።

ደምሌ ከእስቴ መጥቶ ወገዳ በተከፈተችው ትንሽ ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመረ ገና ዓመት አልሞላውም። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። መምህር ይከበራል፤ ግን ቤቱ ሲገባ የሚያናግረው ሰው የለውም። ያን ዕለት ተማሪዎቹን ባቄላ ማሳ ዳር ሰብስቦ አንዲት አበባ ሰንጥቆ ያሳያቸዋል።

«ወንዱም ሴቱም እዚህ አንድ ቤት ውስጥ ናቸው» አለ። «ይህ ዱቄት የወንዴው ነው። ይህች ቀጭኗ ሴቴዋ ናት፤ ከሥሯ ያለችው ከረጢት ኋላ እሸት ትሆናለች። ዱቄቱ ወደ ሌላ አበባ ልሂድ ቢል ግን እግር የለውም። ንብ ታደርስለታለች።»

ከካቡ ማዶ ሳቅ ተሰማ። የቄስ ወልደ ሩፋኤል ልጅ ታንጉ ከምታርምበት ቀና ብላ ታያቸዋለች።

«እንግዲያ ንቧ ሽማግሌ ናታ፣ መምህር!»

ልጆቹ ሳቁ፤ ደምሌም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳስተማረ ግን ራሱም አያውቅም። ዓይኗ ትምህርቱን ሁሉ አስጠፋበት።

ከዚያ ወዲያ አበባ ፍለጋ የሚል ሰበብ ተገኘ። አበባው ደግሞ፣ ነገሩ ሆኖ፣ ታንጉ ውኃ የምትቀዳበት ወንዝ ዳር ብቻ ነበር የሚገኘው። እሷ በአንድ ድንጋይ፣ እሱ ራቅ ብሎ በሌላው ይቀመጣሉ።

«ኑግን አንድ አበባ ትይዋለሽ» ይላታል። «ቀርበሽ ካየሽው ግን ብዙ ትንንሽ አበቦች ተጠጋግተው የሰፈሩበት መንደር ነው።»

«ገብስስ ያብባል?»

«ያብባል። ንብ ስለማያሻው ማማር አላስፈለገውም። ማንም ልብ አይለውም።»

«ያሳዝናል።»

«ምኑ ያሳዝናል? እሱ ባያብብ ቆሎ የለ፣ ዳቦ የለ፣ ጠላ የለ።»

አንድ ቀን ከጥላው ሥር እንሶስላ አብባ አገኟት። ነጭ ናት፤ ከኋላዋ እንደ ክር የቀጠነ ረጅም ጭራ አላት።

«ማሯን እዚህ ጭራዋ ውስጥ ነው የምትደብቅ» አለ ደምሌ። «ምላሱ ከረዘመ የእሳት ራት በቀር የሚደርስባት የለም።»

«እኛ የምናውቃት በሥሯ ነው» አለች ታንጉ። «ተወቅጦ እጅና እግር ይሞቁታል፤ ቀይ ያደርጋል። ሙሽራ ያለሷ አትዳርም።»

 ውኃው ብቻ ያወራል። ደምሌ አበባዋን ያገላብጣል። ስለ አበባ ሲጠይቁት አፉ የማይከደን ሰው፣ የራሱ ጉዳይ ሲመጣ ምላሱ ይያዛል።

ጥር ገባ። ከአርብ ገበያ ግራዝማች ካሳ ለልጃቸው ታንጉን ሊጠይቁ ሽማግሌ ላኩ። አባቷ «አስቤ እነግራችኋለሁ» ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ታንጉ ደምሌ አንድ ነገር ያደርጋል ብላ ጠበቀች። ደምሌ ወሬውን ሰምቶ ከሳ፤ ሌላ ያደረገው ነገር የለም።

በዚያው ሰሞን ጓደኛዋ ንግስት ተዳረች። ሚዜዎቹ ሁሉ የጣታቸውን ጫፍ እንሶስላ ሲሞቁ፣ ታንጉ መዳፏንም እግሯንም እንደ ሙሽራ ሞቀች። እናቷ ቦጋለች ስታያት ጮኸች።

«አንቺ ልጅ! ሽማግሌ ‹እሺ› ሳይባል? አገር ምን ይለናል?»

ታንጉ እጇን አልደበቀችም። አባቷም እጇን አይተው ምንም ሳይናገሩ ወጡ። በማግስቱ በትምህርት ቤቱ በር እጇን ገልጣ አለፈች። እኔ ተዘጋጅቻለሁ፣ ምን ትጠብቃለህ ማለቷ ነበር።

ደምሌ የገባው ሌላ ነው። ተዳረች፣ አለቀ፣ አለ በልቡ። ሙሽራ ካልሆነች ማን እንደዚህ ይሞቃል? ወደ እስቴ ሊመለስ ጓዙን ሸክፎ በነጋዴው በጣሰው በቅሎ ላይ ጫነ። ታንጉ ከተማሪዎቹ ሰምታ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ቀድማው ቆመች።

«ሳይሰናበቱን ሊሄዱ ነው፣ መምህር?»

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለ አቀርቅሮ።

«በምኑ?»

«እጅሽን አይቻለሁ።»

ታንጉ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ዕንባዋ መጣ።

«ለማን የሞቅሁት መስሎህ ነው? የሜዳውን አበባ ሁሉ ስታውቅ እኔን አታውቅም? አባቴ ለግራዝማች ሰዎች ነገ ነው መልስ የሚሰጥ!»

ደምሌ ቀና ብሎ አያት። «እወድሻለሁ» አለ። ያን ሁሉ ወር ያቃተው ነገር ይኸው ነበር። «ግን እዚህ አገር ዘመድ የለኝም። ማንን ልላክ?»

ጭነት የሚያጠብቅ መስሎ ሲያዳምጥ የቆየው ጣሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ሰው አይደለሁም? የመንደሩን ትልቅ ሰው አያ መልአኩንም ከደጃቸው እንወስዳለን። ዙሪ አንቺ በቅሎ!»

በአገሩ ደንብ ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምን። አባት ‹ተቀመጡ› ካለው ተፈቅዶለታል፤ ካላለው እንደቆመ ይመለሳል። ደምሌ በቅሎዋን ይዞ ከአጥሩ ውጭ ቀረ።

«አገሩን አናውቅ፣ ዘመዱን አናውቅ» ሲሉ ተሰማው ቄስ ወልደ ሩፋኤል።

«ልጅዎ ታውቀዋለች፣ አባ» አለ ጣሰው።

 ደምሌ ጆሮውን ወደ አጥሩ አስጠጋ።

«እጇን ያየሁ ዕለት እናቷ ስትጮህ እኔ ዝም ያልሁት» አሉ ቄሱ ቀስ ብለው፣ «ማን እንደሚመጣ ልይ ብዬ ነው። ለግራዝማች ሰዎች መልስ ያዘገየሁትም ለዚያ ነበር። ዘገየ ልጅየው።» ከዚያ ወደ ጓዳ ተጣሩ። «ታንጉ! ለሽማግሎቹ መቀመጫ አምጭላቸው።»

 ደምሌ የራሱን መቀመጫ ማንም እስኪያመጣለት አልጠበቀም፤ የበቅሎዋን ልጓም እንደያዘ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ።