የአባቴ አፍንጫ

«ሦስተኛዋ ሚዜ! አዎ፣ አንቺ! ወደዚህ ዙሪ እንጂ!»

ኤባ መጀመሪያ የተናገረኝ ይህንን ነው። ምን ዓይነት ሰላምታ ነው እስቲ? የጓደኛዬ የቤዚ ሰርግ ላይ ነን። ላንጋኖ ዳር ስድስት ሚዜዎች ተደርድረን ቆመናል፣ ነፋሱ ቀሚሳችንን ይታገላል፣ እሱ አሸዋው ላይ ተንበርክኮ ካሜራውን ደግኗል።

«ዞሬያለሁ!» አልኩት።

«አልዞርሽም። ሐይቁን ነው የምታዪው።»

ሐይቁን የማየው ወድጄ አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ቮሊቦል ስንጫወት የአንዷ ልጅ ክርን አፍንጫዬን ሰበረው። ወጌሻ አሽቶ «በቃ ድናለች» አለ፤ አፍንጫዬ ግን ወደ ግራ ታጥፎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ካሜራ ያየው ቀኝ ጎኔን ብቻ ነው። ደግሞ መልኩ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር! በግራው ቀዳዳ አየር የሚባል ነገር አይገባም፣ ሽታም ብዙ አይሸተኝም። ስተኛ በአፌ ስለምተነፍስ ጉሮሮዬ ደርቆ እነቃለሁ። የአፀደ ሕፃናት መምህር ነኝ፤ ሁለት መዝሙር ካዘመርኩ ሦስተኛውን ልጆቹ ብቻቸውን ይጨርሱታል።

ኤባ አላስገደደኝም። ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ሳቀ።

«እሺ፣ ሐይቁን እያየሽም ታምሪያለሽ!»

ሚዜዎቹ አውካኩ። እኔ... ምን ልበላችሁ፣ ዞርኩ! በሙሉ ፊቴ አየሁት። እሱም አየኝ፣ ቆየና አንዴ ብቻ ካሜራውን ተጫነ።

ከዚያማ ስልክ መደዋወል መጣ፣ ከዚያ ጁስ ቤት፣ ከዚያ ከሥራ ስወጣ ትምህርት ቤቴ ካለበት ከፍራንኮ እስከ ሰፈሬ በእግር መሄድ። ኤባ አዳማ ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ አለው። ሲያወራ ይረጋጋል፣ ሲስቅ ግን መንገደኛ ዞሮ ያየዋል። በአምስት ወር ውስጥ «ኮከብ» የሚለውን ስሜን ከእሱ አፍ ካልሰማሁ ቀኑ የማይመሽልኝ ሆንኩ።

የልደቴ ቀን ትልቅ ፍሬም በወረቀት ጠቅልሎ ቤታችን መጣ። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና አባቴ ብቻ ነን። ወረቀቱን ቀደድኩት። ያ የላንጋኖ ፎቶ ነው፣ ያ የዞርኩበት! ዓይኖቼ የእኔ ናቸው፣ ፈገግታው የእኔ ነው። መሐል ላይ ግን እንደ እስክሪብቶ የቀጠነ፣ ቀጥ ያለ አፍንጫ ተቀምጧል።

«ይቺ ማናት?» አልኩት።

«አንቺ ነሻ!»

«አፍንጫዋስ የማን ነው?»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። «ትንሽ... ኤዲት አድርጌው ነው። ስቱዲዮ ለሚመጣ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የምናደርገው፣ ጠባሳም ቢሆን፣ ብጉርም ቢሆን... ደስ የሚልሽ መስሎኝ...»

«በሙሉ ፊቴ የዞርኩት ለአንተ ብቻ ነበር፣ ኤባ! አንተ ደግሞ ያየኸውን አጠፋኸው!»

ፍሬሙን መልሼ አስታቅፌው በሩን ዘጋሁ። ከበሩ ጀርባ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ለኤባ ያልነገርኩት አንድ ነገር ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ አፍንጫዬን በቀዶ ሕክምና ልታከም ቀጠሮ ይዤ ነበር። ሐኪሜ ዶክተር ሉብና ወረቀት ላይ ሥላ አስረድታኛለች።

«ሁለት ነገር ነው» አለችኝ። «ውስጥ ሁለቱን ቀዳዳዎች የሚለየው ግድግዳ ታጥፏል፣ እሱ ነው የሚያፍንሽ። እሱን ማቃናት ለመተንፈስ ነው። የውጪውን አጥንት ማስተካከል ደግሞ ለመልክሽ ነው። የአንቺ አብረው ስለተሰበሩ አንድ ላይ ልንሠራቸው እንችላለን። የውጪው ይቅርብኝ ካልሽም መብትሽ ነው።»

«የውጪውን ከሠራሽው ምን እመስላለሁ?»

«ከመሰበሩ በፊት የተነሳሽው ፎቶ ካለሽ አምጪ። ሌላ ሰው እንድትመስዪ አልፈልግም።»

አያችሁ? እሷ የራሴን አፍንጫ ልትመልስልኝ፣ እሱ ደግሞ የማላውቃትን ሴት አፍንጫ ለጠፈብኝ! አሁን ብሠራው ሰው ምን ይላል? እሱስ ምን ይላል? «ፎቶውን ለመምሰል ተሠራች» ነዋ! እልኸኛ ነኝ። ደወልኩና ቀጠሮዬን ሰረዝኩ። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፣ አትቆጡኝ።

በማግስቱ ኤባ ቤታችን መጣ። እኔ ክፍሌ ውስጥ ትራስ ጭንቅላቴ ላይ ጭኜ ተኝቻለሁ። ደጅ ላይ ከአባቴ ጋር የተነጋገሩትን የሰማሁት በኋላ ነው።

«ጋሽ ኃይለየሱስ፣ ይቅርታ ልጠይቃት ነው የመጣሁት» አለ ኤባ።

«ይቅርታው ይቆይ፣ ልጄ» አለው አባቴ። «ስትተኛ ትንፋሽ ሲያጥራት ከማዶ ክፍል እሰማታለሁ። ልትታከም ነበር፣ ባንተ ተናዳ ቀጠሮዋን ሰረዘች። ሐኪሟ የድሮ ፎቶዋን ፈልጋለች፣ የኛ አልበም ደግሞ ጣሪያው አፍስሶበት ተበላሽቷል። አምስተኛ ክፍል እያለች ጋሽ ይትባረክ ፎቶ ቤት ወስጃት ነበር። አንተ የሙያው ሰው ነህ፣ እስቲ ሞክር።»

ጋሽ ይትባረክ ፎቶ ቤቱን ከዘጉ ቆይተዋል። ኔጋቲቮቹን ግን አልጣሉም፤ ዓመተ ምሕረት ያልተጻፈባቸው አሥራ አንድ ካርቶኖች መጋዘናቸው ውስጥ ተደርድረዋል። ኤባ ስቱዲዮውን ዘግቶ እዚያ ገባ። ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ በሚታይ ፊልም ላይ አንዲት ልጅ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት! አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያነሳ ስድስት ቀን ፈለገኝ።

በሰባተኛው ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ፖስታ ሰጠኝ።

ዩኒፎርም የለበሰች፣ ሁለት ጉንጉን ያላት ልጅ ናት። ካሜራውን ፊት ለፊት እያየች ትስቃለች። አፍንጫዋ ቀጥ ያለ፣ ከታች ሰፋ ያለ... የአባቴ አፍንጫ! አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ረስቼው ነበር። እምባዬ መጣ።

«ኤዲት አድርገኸዋል?» አልኩት።

«አቧራውን እንኳን አልነካሁም!»

እውነቱን ነው፤ ግንባሬ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለ።

«ኮከብ፣ ሳልጠይቅሽ ፊትሽን ነካሁ። ተሳስቻለሁ፣ ይቅር በዪኝ።»

«ልሠራው ነው» አልኩት። «የውስጡንም የውጪውንም። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ!»

«አይመስለኝም።»

«ሰው ግን ይለኛል።»

«ስትታፈኚ የምትነቂው አንቺ ነሽ፣ ሰው መቼ አብሮሽ ነቅቶ ያውቃል?»

ይቅር አልኩት። እዚያው፣ ጥበቃውና ሃያ ሕፃናት እያዩን።

ፎቶውን ለዶክተር ሉብና ሰጥቼ ቀጠሮዬን መልሼ ያዝኩ። ቀዶ ሕክምናው ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ስነቃ አፍንጫዬ ላይ ጄሶ፣ ውስጡ ስስ ፕላስቲክ፣ ዓይኖቼ ሥር ደግሞ ሐምራዊ ነገር ነበረኝ። ኤባ በየቀኑ ሾርባ ያመጣል። «አመሰግናለሁ» ልለው ስል «አበሰግዳለሁ» ይወጣል፣ እሱም ይንከተከታል። እኔ እንዳልስቅ ተከልክያለሁ!

በስምንተኛው ቀን ዶክተር ሉብና ጄሶውን ልታነሳ ነው። ኤባ መቂ የሰርግ ፎቶ ሊያነሳ ሄዶ ገና አልደረሰም። አባቴ በሩ ላይ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ቆሟል፣ ተጨንቋል። ጄሶው ተነሳ፣ ፕላስቲኮቹም ወጡ። ዶክተሯ መስታወት ሰጠችኝ።

«እብጠት አለው» አለች። «ትክክለኛ ቅርጹን ለማየት እስከ አንድ ዓመት ትታገሺያለሽ።»

ቢያብጥም አወቅኩት። አባቴም አየው። አንድ ጊዜ የራሱን አፍንጫ ዳሰሰና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በዚህ መሐል ኤባ እያለከለከ ገባ። ከራሱ እስከ ጫማው አቧራ ነው። ሰው ሁሉ አፍንጫዬን የሚያይበት ቀን ነበር፣ እሱ ግን ዓይኔን ነው ያየው።

«አየር ይገባል?» አለኝ።

ምን መሰለች አላለም። ያምራል፣ አያምርም አላለም። «አየር ይገባል?»

አፌን ዘግቼ በቀስታ ሳብኩ። ገባ! በሁለቱም ገባ! እንደገና ሳብኩ፣ ደረቴ ሞላ፣ ከአየሩም ጋር አንድ ኃይለኛ ነገር መጣ።

«ሽንኩርት!» ብዬ ጮህኩ። «ኤባ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸታለህ!»

«መኪና አጥቼ በአይሱዙ ነው የመጣሁት። ጋቢናው ሞልቶ ከሽንኩርቱ ላይ ተጭኜ!» ዓይኖቹ እምባ አቀረሩ፣ ሳቁም አብሮ መጣ። «ሸተተሽ? እውነት ሸተተሽ?»

ይህን ሰው እወደዋለሁ። ያን ጊዜ፣ በዚያ ሽታ መሐል፣ ሌላ የምጠብቀው ነገር እንደሌለ ገባኝ።

«ኤባ» አልኩት።

«ወዬ።»

«ሂድና ታጠብ። ከዚያ ሽማግሌ ላክ!»

ዶክተር ሉብና ሳቋን ልትደብቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። ኤባ ቀስ ብሎ፣ በፍርሃት፣ በሩ ላይ ወደቆመው አባቴ ዞረ።

አባቴ ኮርኒሱን ያያል።

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ። ባርኔጣውን አደረገ። «ግን እሁድ ከሰዓት ቤት ነኝ።»