ቅጠል የመሰለው ዓሣ

ልብስ ሰፊው ይገዙ ኮልፌ ገበያ ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። አቶ ቀጄላ ከማገዶ እስሮቻቸው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከአንዲት ገዢ ጋር ዋጋ ይከራከራሉ።

«ጋሼ ቀጄላ» አለ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብሎ፤ «ወንድይፍራው ሞተ። ራሱን ገደለ ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ሁሉም።»

ሽማግሌው ወደ ገዢዋ ዞሩና «በይ፣ ባልሽው ይሁን፤ ውሰጂው» ብለው ተነሡ።

አቶ ቀጄላ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት የወንጀል መርማሪ ነበሩ። ለወራሪ አላድርም ብለው ሥራቸውን ከተዉ ወዲህ እንጨት ሸጠው ያድራሉ። የውስጥ አርበኞች ግን ነገር ሲወሳሰብባቸው ዛሬም የሚሄዱት ወደ እሳቸው ነው።

ጊዜው ጥቅምት ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት ነበር። ቆርቆሮ ሠሪው ወንድይፍራው፣ ይገዙና ጥቂት ወዳጆቻቸው ጥይትና የቁስል ማሰሪያ እየሰበሰቡ ዱር ላሉት አርበኞች ይልኩ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ዕቃውን ይዘው የወጡ ሦስት ሰዎች ኬራኒዮ መንገድ ላይ ተያዙ። ሁለቱ ተሰቀሉ፤ አንዱ እስር ቤት ነው። ከራሳቸው መካከል አንድ ሰው እንደ ሸጣቸው ሁሉም ገብቷቸዋል። ማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ወንድይፍራው በሥራ ቤቱ ወለል ላይ ተንጋሏል። በቀኝ እጁ በኩል የጣሳ ኩባያ ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ አንድ አፈ ሰፊ ባዶ ጠርሙስ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ የተጨማደደ ቅጠል የሚመስል ቡናማ ነገር።

«ኪዳን አድርሼ ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት» አለች ሚስቱ ሰርኬ። ዕንባዋ ደርቆ ፊቷ ላይ ቀርቷል። «ጠርሙሱን ያመጣው ከምጽዋ ነው። እዚያ ሰባት ዓመት የባሕር እንስሳ ለሚያጠና ፈረንጅ ሠርቷል። ያንን የባሕር ሣር በአልኮል ነክሮ ያስቀምጠው ነበር። አልኮሉን ጠጥቶ ነው የሞተው አሉኝ። ቄሱም ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም ብለውኛል።»

አቶ ቀጄላ ተንበርክከው የሟቹን ከንፈር ከፍተው አሸተቱ። ቀጥለው የሸሚዙን ኮሌታ ገለጥ አደረጉ። ከኮሌታው በታች፣ በጉሮሮው ግራና ቀኝ፣ የአውራ ጣት ስፋት ያላቸው ሁለት የበለዙ ምልክቶች ነበሩ። ከጠረጴዛው ጀርባ የወለሉን አፈር ዘገን አድርገው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«አልኮሉን የጠጣው መሬቱ ነው፤ ባልሽ አልጠጣም» አሏት በለሆሳስ። «ለማንም አትናገሪ።»

ሲነሡ እግራቸው አንድ ጉጠት መታ። የወንድይፍራው መሣሪያዎች ሁሉ ግድግዳው ላይ በየሚስማራቸው ተሰቅለዋል። ይኼ ጉጠት ብቻ ወለል ላይ ነው፤ አፉም አልኮል ይሸታል፤ በጥርሶቹ መካከል ቡናማ ቅንጣቢ ተጣብቋል።

መጀመሪያ የመጣው አናጢው መሸሻ ነበር። በሬሳው ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ ሁለት ሰው ነው ያነሣው።

«ከከፋ ከመጣሁ ጀምሮ ወንድሜ ነበር» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «የልጁ የክርስትና አባት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ራሱን ይገድላል?»

«ተዉኝ ጋሼ፤ የሞተ ሰው አላማም።»

«እኔ ስጠይቅ ሐሜት አይባልም።»

«እኔ ከጎጀብ ወንዝ የሚሰፋ ውሃ አይቼ አላውቅም። ከመካከላችን ምጽዋ የኖረ እሱ ብቻ ነው። የቀረውን እርስዎ ይድረሱበት። አፍሮ ነው የሞተው።»

«ዛሬ ጧት የት ነበርክ?»

«ለይለፍ ወረቀት ሰልፍ ላይ ነበርኩ።»

ከእሱ ቀጥላ ጥጥ ነጋዴዋ ዘሀራ ገባች። ለታሰረው ወዳጃቸው ስንቅ የምታደርሰው እሷ ናት።

«እስረኛው የላከብሽ መልእክት አለ?»

ዘሀራ በሩን አየት አደረገች። «ዓርብ ዕለት ነው። ‹የሸጠን ሰው ከጣሊያኑ ሹም ጋር ስለ ምጽዋ ወደብ ኑሮው ሲያወራ በግድግዳ በኩል ሰማሁ፤ በሹክሹክታ ስለሆነ ድምፁን አልለየሁትም› አለኝ። ለወንድይፍራው ብቻ ነገርኩት።»

«ለመሸሻስ? ለይገዙስ?»

«ለወለደችኝም አልነገርኩም።»

ይገዙ ደግሞ እንዲህ አለ፦ «እሑድ ወንድይፍራው ሁላችንንም ጠርቶን ያንን ሣር በሰሐን አውጥቶ አሳየን። ‹እስቲ ያዙት፣ ምንድን ነው?› አለን። እኔ በእጄ አነሣሁት። ዘሀራ አሸተተችው። መሸሻ እጄ ሙጫ ነክቶታል ብሎ አልያዘውም። ሁላችንም ሣር ነው ብለን ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም።»

አቶ ቀጄላ ወደ ሰርኬ ተመለሱ። «ከዚያ ወዲህ ምን አለሽ?»

«ትናንት እህል አልቀመሰም። ‹ነገ ጧት ወዳጄን ለብቻው አነጋግረዋለሁ። ከራሱ አፍ ብሰማው ይሻለኛል› አለኝ። የትኛውን ወዳጅህን ብዬ ብጠይቀው ስሙን አልነገረኝም።» ከሣጥኗ አንድ ያረጀ ደብተር አወጣች። «የምጽዋ ጽሑፉ ነው። እኔ አላነበውም።»

አቶ ቀጄላ ደብተሩን ይዘው መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ቡናማውን ነገር በሰሐን አድርገው በማጉያ መነጽር እያዩ ያገላብጡት ጀመር። አንድ ገጽ ያነባሉ፤ ተመልሰው ያያሉ። የተቦጫጨቀ ቅጠል የሚመስለው ቆዳ ነበር። ግንድ የሚመስለው ሆድ ነበር። በመጨረሻ መነጽሩ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ ቅጠሉ ዓይን ነበረው።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም በዚያው ሥራ ቤት ሰበሰቧቸው። በሩ ላይ ዱር ከገቡት ወገን የተላኩ ሁለት ሰዎች ቆመዋል።

«ወንድይፍራው ራሱን አልገደለም» ብለው ጀመሩ አቶ ቀጄላ። «በአፉ የአልኮል ሽታ የለም። አንገቱ ላይ የጣት ምልክት አለ። የገደለው ሰው አልኮሉን ወለል ላይ አፍስሶ ኩባያውን አጠገቡ ጣለ። ሟቹ ከሐዲ እንዲባል፣ እውነተኛው ከሐዲ እንዲረሳ ነው።»

ሰርኬ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

«አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ይገዙ፣ ያንን ሣር አቀብለኝ።»

ይገዙ በሦስት ጣቱ አንሥቶ ሰጣቸው። መልሰው ሰሐኑ ላይ አኖሩት። ዘሀራ መዳፏ ላይ አስቀምጣ ሰጠቻቸው። ሰርኬም እንዲሁ።

«መሸሻ፣ ያንተ ተራ ነው። እጅህ ዛሬ ሙጫ የለውም።»

መሸሻ ፈገግ ለማለት ሞከረ። እጁን ዘረጋ፤ ከሰሐኑ በላይ ቆመበት። ከዚያ በጋቢው ጫፍ ጣቶቹን ሸፍኖ በአንደኛው ጫፍ፣ ከሥር በኩል፣ ቆንጠጥ አድርጎ አነሣው።

«ጅራቱ በዚያ በኩል እንደሆነ ማን ነገረህ?» አሉ አቶ ቀጄላ።

መሸሻ የያዘውን ሰሐኑ ላይ ጣለው።

«ሣር ጅራት የለውም። ይኼ ግን ዓሣ ነው። ዓይኑ ይኸውና፤ አፉ ወደ ላይ ነው። ጀርባው ላይ የተኙት መርዛም እሾሆች ናቸው። ወንድይፍራው እንዲህ ብሎ ጽፏል» አሉና ደብተሩን ገለጡ፦ «‹በባሕር ሣር መካከል ይኖራል፤ ከሣሩ ጋር ይወዛወዛል። ትንንሽ ዓሦች ሣር መስሏቸው ሲጠጉት ይውጣቸዋል። የደጋ ሰው ቅጠል ነው ይላል። የምጽዋ ወደብ ጫኞች ግን ሞቶ እንኳ በእጃቸው አይነኩትም።› እሑድ ዕለት የፈተናችሁ በዚህ ነበር። ዛሬ ጧትም ገዳዩ ጠርሙሱን ሲያፈስ ይኼን ነገር ያወጣው በጉጠት ነው። ከእናንተ መካከል ቅጠል በጉጠት የሚያነሣ ማን አለ?»

«ፍርሃት ወንጀል ነው?» አለ መሸሻ።

«አይደለም። ሌላም አለ። ከሐዲው ምጽዋ እንደነበር እስረኛው ለዘሀራ ነገራት፤ ዘሀራ ለወንድይፍራው ብቻ ነገረች። አንተ ግን ጧት ሳልጠይቅህ የምጽዋን ነገር ከክህደቱ ጋር አያያዝክልኝ። ማን ነገረህ? ዛሬ ጎህ ሲቀድ ለብቻህ ያነጋገረህ ወዳጅህ ነው።»

መሸሻ ተቀመጠ፤ መቀመጫ ባልነበረበት፣ መሬት ላይ።

«ሁለት ዓመት ምጽዋ ወደብ ላይ ጫኝ ነበርኩ» አለ። «እዚያ የሚያውቀኝ አንድ የጣሊያን ሹም እዚህ አገኘኝ። መጀመሪያ የጠየቁኝ አንድ ስም ብቻ ነበር።»

«እሱስ ምን አለህ?» አለች ሰርኬ። «ባሌ ዛሬ ጧት ምን አለህ?»

«‹እስከ ማታ ጊዜ አለህ፤ ሄደህ ራስህ ንገራቸው፤ እኔም አብሬህ እቆማለሁ› አለኝ።» ቀና ብሎ አላያትም። «ቢሰድበኝ ኖሮ እሄድ ነበር። አብሬህ እቆማለሁ ሲለኝ ነው እጄን ወደ አንገቱ የሰነዘርኩት።»

ሰርኬ ተጠጋችው። «ልጄን ከውሃው የተቀበልክበት እጅ ነው እኮ!»

እሱ እጆቹን ከጋቢው ሥር ደበቀ።

«የእነዚህን ሰዎች ስም ሰጥተሃል?» አሉ አቶ ቀጄላ።

«አልሰጠሁም። ነገ ነበር ቀጠሮዬ።»

በሩ ላይ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ግራና ቀኝ ያዙት። መሸሻ ሳይታገል ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ኮልፌ ውስጥ ያየው የለም።

አቶ ቀጄላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ለቄሱ የአንገቱን ምልክት መሰከሩ። ፍትሐቱ ተፈቀደ። ሹሞቹ ነገ ሰዋቸውን ሲያጡ መፈለጋቸው አይቀርም፤ ስለዚህ ቀብሩ ያንኑ ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲሆን፣ ከቀብር መልስ ሁሉም በየፊናው እንዲበተን ተስማሙ። ሰርኬ ልጇን ይዛ ወደ ዘመዶቿ አገር ልትሄድ ነው።

ለቃሬዛው አራት ሰው ያስፈልጋል። ይገዙ አንዱን ጫፍ ያዘ፤ ቄሱ ያመጧቸው ሁለት ጎረቤቶች ሁለቱን ያዙ። አራተኛው ሲፈለግ አቶ ቀጄላ ወገባቸውን ደግፈው ቀረቡ።

«እርስዎ ይተዉ ጋሼ» አለች ሰርኬ።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ሴት ሬሳ አትሸከምም ሊሏት የከጀሉ ነበሩ፤ ፊቷን አይተው ተዉት። ጎንበስ ብላ የቃሬዛውን እንጨት ትከሻዋ ላይ አደረገችና ከወንዶቹ ጋር እኩል ተነሣች።