ዳዶ የሌለው ብሎን

ሳሊሃ ለምን «እኔ ነኝ» አለች? ጎረቤቷና ጓደኛዋ ሳሚያ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ በራፋቸው ላይ ቆማ አሰበች፣ አሰበች።

የግቢው ተከራይ ሁሉ ወጥቷል። ጋሽ ሚስባህ መሬት ላይ ተቀምጠው ግራ እጃቸውን በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋል። ፎጣው በአውራ ጣታቸው በኩል እየቀላ ነው። አጠገባቸው ታጣፊው የእንጨት መሥሪያ ጠረጴዛ እንደተንበረከከ ግመል በአንድ ወገን ወድቋል። ሲቦረቡሩት የነበረው የበር እንጨትና መሮው ሰጋቱራው ላይ ተጋድመዋል።

«ብሎኑ ይኸው» አሉ ጋሽ ሚስባህ፣ በደህናው እጃቸው ከመሬት አንስተው። «ዳዶውስ የታለ?»

ሳሊሃ ተንበርክካ ሰጋቱራውን በሁለት እጇ ስትበትን ቆየች። ከዚያ ቀና አለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አባ፣ እኔ ነኝ። ትናንት ጠዋት ስዘረጋው ሳላጠብቀው ቀርቼ ነው።»

«ብዬህ ነበር፣ ሚስባህ» አለ ጎረቤታቸው ምንይሉ፣ የጥርስ ብሩሹን ከአፉ ሳያወጣ። «ሴት ልጅ መሮ ምን ያደርግላታል ብዬህ ነበር።»

ጋሽ ሚስባህ ባጃጅ ተጠርቶላቸው ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰዱ ወደ ልጃቸው ዞረው ቀስ ብለው ተናገሩ። «ከእንግዲህ መጋዝም መሮም አትነኪም። ጠረጴዛውም አልጋ ሥር ይግባ። ሰው የሚያቆስል ዕቃ ይዤ ደሴ አልወጣም።»

ሳሊሃ አላለቀሰችም። የወደቀውን ጠረጴዛ አነሳች፤ አጠፈችው፤ እየጎተተች ወደ ቤት አስገባችው።

ያ ጠረጴዛ የክረምቱን ሁለት ወር በልቷል። ሳሊሃና አባቷ የሚኖሩት በአንዲት ክፍል ነው፤ እናቷ ጅዳ ናቸው። ግቢው ደግሞ የስድስት ተከራይ በመሆኑ ከቀትር በኋላ ልብስ ይሰጣበታል። ጋሽ ሚስባህ ከፋብሪካ ፈረቃቸው ሲያርፉ እንጨት መሥራት ይወዳሉ፤ ጠረጴዛ የሚያቆሙበት ቦታ ግን አልነበራቸውም። ሳሊሃ ናት ያሰበችው። ሲፈለግ የሚዘረጋ፣ ሲበቃ ታጥፎ አልጋ ሥር የሚገባ፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚሸከመው ጠረጴዛ። በግራና በቀኝ እግሩንና ደጋፊውን የሚያያይዝ አንድ አንድ ብሎን አለው፤ ብሎኑን የሚይዘው ዳዶ ነው። ትምህርት ቤቱ አይቶት ለተማሪዎች የፈጠራ ሥራ ኤግዚቢሽን መረጠው። ኤግዚቢሽኑ የፊታችን ቅዳሜ ደሴ ላይ ነው።

ዳዶው ሰጋቱራው ውስጥ እንደሌለ የምታውቀው ሳሚያ ብቻ ነበረች።

ሰኞ ከሰዓት የእትዬ ጣይባ ባል ለቅሶ ነበር። የሳሚያ እናት «ሩጪ፣ ከእነ ሰርካዲስ ቤት ጠረጴዛ አምጪ፤ ቅሬው ዕቃ አጥሮታል» ብለው ላኳት። የእነ ሰርካዲስ ቤት ዳገቱ ላይ ነው። የሳሊሃ ጠረጴዛ ደግሞ ያን ቀን ሳይታጠፍ እዚያው ግቢ ውስጥ ተዘርግቶ ቆሟል። ጋሽ ሚስባህ ሥራ ላይ፣ ሳሊሃ ትምህርት ቤት ናቸው። ለቅሬ፣ ለሰፈሩ እድር፣ ዕቃ ሲጠየቅ እምቢ የሚል ሰው ሳሚያ አይታ አታውቅም። እምቢ የሚል ከሌለ መጠየቅ ምን ያደርጋል? ሁለቱን ብሎኖች ፈታች፤ አጠፈችው፤ ተሸክማው ሄደች። ድንኳኑ ውስጥ የጠረጴዛ ልብስ ስላለበሱት ማንም የማን እንደሆነ አላወቀም።

ማምሻውን ስታጥፈው አንዱ ዳዶ ከእጇ አምልጦ ሣሩ ውስጥ ገባ። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪባል ድረስ ፈለገችው፤ አጣችው። ጠረጴዛውን ቦታው መልሳ ዘረጋችና የዚያን ወገን ብሎን ያለ ዳዶ ሰካችው። በክርኗ ተጫነችው። ቆመ። «ነገ ከትምህርት ቤት ስመለስ ገዝቼ እገጥምበታለሁ» አለች ለራሷ። ጋሽ ሚስባህ በማግስቱ ጠዋት ዕረፍት እንደሚሆኑ አላወቀችም፤ ወይም አላሰበችበትም። የትኛው እንደሆነ አሁን እሷም እርግጠኛ አይደለችም።

ረቡዕ በዕረፍት ሰዓት የሳሊሃ ክፍል ልጅ ጀሚል ከክፍሉ በር ላይ ሆኖ ጮኸ።

«አናጢዋ! ለእኔም አንድ ወንበር ሥሪልኝ፤ አምቡላንሱን ግን አብረሽ አዘጋጂ!»

ልጆቹ ሳቁ። ሳሊሃ አልዞረችም። ከሳሚያ ጋር የግንቡ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

«ተይው፣ ፋራ ነው» አለች ሳሚያ።

«እውነቱን ነው እኮ።» ሳሊሃ የቀኝ እጇን ጣቶች አንድ በአንድ እየዘረጋች አየቻቸው። «የሚገርምሽ ነገር ምን መሰለሽ? እጄ ሲያጠብቀው ይታየኛል። ዳዶው ሲዞር፣ መጨረሻ ላይ ጥብቅ ሲል፣ ሁሉም ይታየኛል። ግን የሰኞው ነው ወይስ የሌላ ቀን? ሁልጊዜ አጠብቀዋለሁ ብዬ ራሴን አምነው ነበር። አሁን የቤታችንን በር ቆልፌ ስወጣ ሦስት ጊዜ እመለሳለሁ፤ ወላሂ ሦስት ጊዜ።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሳሚያ፣ ሳሊሃ አንድ ነገር ጠርጥራ እየሸፈነችላት እንደሆነ በልቧ ትመኝ ነበር። እንዲያ ቢሆን በቀለለ። ሳሊሃ ግን ማንንም አልሸፈነችም። አምናበት ነው።

«ሁሉም ሰው ይረሳል፤ አብሽሪ» አለች ሳሚያ።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ልክ ደግነት ይመስል ነበር። ሳሊሃ እንኳ «አመሰግናለሁ» አለቻት።

ሐሙስ ጋሽ ሚስባህ እጃቸውን ለማሳየት ደሴ ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራቸው። ጤና ጣቢያው ቁስሉን ሰፍቶ፣ ጅማቱ እንዲታይ ወደዚያ ጽፎላቸዋል። ሳሊሃ የሒሳብ ፈተና ስላለባት የሚሸኛቸው ሰው ጠፋ። «እኔ እሄዳለሁ፤ ክፍላችን ዛሬ ከሰዓት ነው የሚገባው» አለች ሳሚያ። እናቷ ደስ አላቸው። ምን ያህል ጥሩ ልጅ እንዳላቸው ለእትዬ ጣይባ ሲነግሩ ሰማች፤ ጆሮዋን በጣቷ መድፈን አማራት።

ሚኒባሱ ከኮምቦልቻ ወጥቶ ጠመዝማዛውን ዳገት ሲይዝ ጋሽ ሚስባህ በመስኮቱ ወደ ታች ያዩ ጀመር። ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ የጫማቸው ክር ተፈታ። ጎንበስ ብለው በአንድ እጃቸው ሞከሩ፤ እምቢ አላቸው።

«ይተዉት እኔ ልሰር።»

«ኧረ ተይ ልጄ፣ ነውር ነው።»

ሳሚያ ተንበርክካ አሰረችላቸው። ስትነሳ ዓይናቸው ረጥቦ አየች።

«ልጄ እየታመመች ነው» አሉ። «እህል አትበላም። ጥፋቱ የኔ ነው እኮ። በአሥራ ሁለት ዓመቷ መሮ ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ምንይሉ ሲናገረኝ ያስቀኝ ነበር። ‹የኔ ልጅ ከአንተ አራት ወንዶች ትበልጣለች› እለው ነበር። አሁን ምን ልበለው?»

«ጋሽ ሚስባህ...»

«አቤት።»

ረዳቱ ሒሳብ ሊሰበስብ መጣ። ከኋላ አንዲት ሴት ስለ ሽንኩርት ዋጋ ትጮሃለች። ሳሚያ መሬት መሬቱን አየች። ዝም ብትል ይህ መንገድ ያልቃል፤ ይህ ሳምንትም ያልቃል፤ ቅዳሜም ታልፋለች። ማንም አያውቅም። ያ ሐሳብ በጣም ቀላል ሆኖ ስለታያት ፈራችው።

«ዳዶውን የጣልኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ ድንኳኑን፣ ሣሩን፣ በክርኗ መጫኗን። ስትጨርስ ደሴ ገብተው ነበር። ጋሽ ሚስባህ ከሚኒባሱ ወርደው መናኸሪያው ጥግ ላይ ቆሙና የተጠቀለለውን እጃቸውን አዩት።

«አውፍ ይበሉኝ» አለች ሳሚያ።

«ለቅሬ ነው ብትይኝ ኖሮ እኔው ራሴ ተሸክሜ አደርስልሽ ነበር» አሉ።

ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«እጄ ይድናል፤ አልሐምዱሊላህ። አውፍ ብዬሻለሁ። ይቅር ያልኩሽ ግን የኔን ድርሻ ነው።» መራመድ ጀመሩ። «የሳሊሃን ግን እኔ አልችልልሽም። እሷን ራስሽ ንገሪያት። እኔ ዛሬ ማታ ጠረጴዛውን ከአልጋ ሥር አወጣዋለሁ። ለምን እንደማወጣው ከኔ ቀድሞ ከአንቺ ትስማ።»

እሳቸው ሐኪሙ ዘንድ ሲገቡ ሳሚያ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። ሳሊሃ ፈተናዋን ጨርሳ ይሆናል። ፊት ለፊት መናገር እንደሚሻል ታውቃለች። ግን ኮምቦልቻ እስክትወርድ ድረስ ድፍረቷ አብሯት እንደሚቆይ አላመነችም፤ በሁለት ቀን ውስጥ ራሷን ደህና አድርጋ አውቃለች።

መጀመሪያ ረጅም ጻፈች። ስለ ዳገቱ፣ ስለ እናቷ፣ ስለ ቅሬው። አነበበችው። ሁሉም ሰበብ ነው። አጠፋችውና እንደገና ጀመረች።

«ሳሊ፣ ሰኞ ጠረጴዛሽን ሳላስፈቅድ ለለቅሶው የወሰድኩት እኔ ነኝ። ዳዶውን ጥዬ ብሎኑን ባዶውን ሰካሁት። ማክሰኞ ቆሜ እያየሁ ዝም አልኩ። ትናንትም ዋሸሁሽ። አንቺ አልረሳሽም። በእጄ እምቢ ብሎኝ በአባትሽ መፍቻ ነው የፈታሁት፤ ያን ያህል አጥብቀሽው ነበር። ለአባትሽ ነግሬያቸዋለሁ። ለምንይሉም፣ ለጀሚልም እነግራለሁ።»

ላከችው።

ከሆስፒታሉ ሳይወጡ መልእክቱ ሥር ሁለተኛዋ የመነበብ ምልክት መጣች። ሳሊሃ አንብባዋለች። «እየጻፈች ነው» የሚለው ቃል ከላይ ብቅ አለ፤ ጠፋ፤ እንደገና ብቅ አለ፤ ጠፋ።

ማታ ምንይሉ ከሥራ ሲገባ ሳሚያ ግቢው መሃል ጠብቃ ነገረችው። እናቷ ከበራፍ ሆነው ሰሙ። ዓርብ በዕረፍት ሰዓት ጀሚልን፣ አብረውት የሳቁት ሁሉ ባሉበት፣ ነገረችው። ሳሊሃ የግንቡ ጥላ ሥር አልነበረችም፤ ከሌሎች ልጆች ጋር ሌላ ቦታ ተቀምጣለች።

ቅዳሜ ጠዋት አባትና ልጅ ጠረጴዛውን አጥፈው ይዘው ከግቢው ሲወጡ ሳሚያ በመስኮት አየቻቸው። ሳሊሃ ከፊት ናት፤ እግሮቹን በሁለት እጇ ይዛለች። ወደ እነ ሳሚያ ቤት አልዞረችም።

ሳሚያ ስልኳን ከፈተች። መልእክቱ እዚያው ነበር፤ ከሥሩ ምንም የለም። ጣቷን ስታሳርፍበት ከሁለቱም ስልክ ላጥፋው ወይ ብሎ ጠየቃት። ትንሽ አሰበችና ጣቷን አነሳች። ሳሊሃ አንድ ቀን ደግማ ልታነበው ብትፈልግ፣ እጇ በትክክል ማጥበቁን የሚናገረው እሱ ነው።

ያን ቀን መልስ አልመጣም። ከዚያ በኋላም አልመጣም።