የ14 ዓ.ም. ልጆች

ርብቃ የሦስት ዓመት ልጇን ማዕዶትን ይዛ ወደ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት የመጣችው ሞግዚቷ ስለቀረችባት ነው። ሕፃኗን ከኮምፒውተሩ አጠገብ እርሳስና ወረቀት ሰጥታ አስቀመጠቻት። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን እየመታ፣ ከወለሉ የበረኪና ሽታ እየተነሣ፣ ዕለቱ እንደ ማንኛውም የክትባት ቀን ጀመረ። ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት ስም ከመረጃ ቋቱ ያወጣችው እሷ ናት፤ ስሙንም ትናንት በየመንደሩ የዞረችው መኪና በሞንታርቦ ስትጠራው ውላለች።

የከነከናት ጸጥታው ነው። የክትባት ቀን ጆሮ ያደነቁራል፤ አንዱ ሲወጋ አሥሩ ያለቅሳል። ዛሬ ግን ከኮሪደሩ የሚሰማው አግዳሚዎቹ ቀስ እያሉ ሲንሲያጠጡ ብቻ ነበር፤ የበረኪናውንም ሽታ ገና የተቆፈረ እርጥብ አፈር ሽታ እየዋጠው ሄደ።

ጥበቃው ጋሽ ደምሰው በበሩ አንገታቸውን አስገቡ።

«ርብቃ ልጄ፣ ሕፃናቱ ኮሪደሩን ሞልተውታል። እናት ግን አንድም አላየሁ።»

«ታዲያ ከማን ጋር መጡ?»

«ስማችን ተጠርቶ ነው ይላሉ።»

ወዲያው ስሞቹን ለማውጣት ለኮምፒውተሩ የጻፈችውን ትእዛዝ ከፈተች። ያገሬው ሰው ዓመተ ምሕረትን በሁለት አኃዝ ማሳጠር ይወዳል፤ የ66 አብዮት፣ የ77 ድርቅ እያለ። ስለዚህ ዘንድሮ 2017 ነውና፣ እስከ 17 ባለው ሁሉ ላይ ሁለት ሺህ፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ደምር ብላ ነበር። ለመንገድ ሥራ ከተነሣው የመቃብር ስፍራ የተሰበሰቡት ስሞች እዚሁ ቋት ውስጥ መግባታቸውን ማን ነገራት? በ1914 ተወልደው በሕፃንነታቸው የሞቱት በ2014 እንደተወለዱ ተቆጥረው ተጠርተዋል።

«እማ፣ ነይ እንጫወት ይሉኛል» አለች ማዕዶት።

በሩ ገርበብ ብሏል። በክፍተቱ የገባች ትንሽ እጅ፣ ጥፍሮቿ ሥር አፈር የሞላባት፣ ሕፃኗን ትጠቅሳለች።

«እኩያችን ናት» አለ ከውጭ አንድ ጨዋ የልጅ ድምፅ። «እኛም የ14 ነን፣ እሷም የ14 ናት። ስንመለስ ይዘናት እንሄዳለን።»

ርብቃ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ በአንድ እጇ የሕፃኗን ቀሚስ ጨበጠች፣ በሌላው የልጇን ዓመት በሙሉ አኃዝ 2014 ብላ አስተካከለች። ከዚያ በሁለት አኃዝ ከተመዘገበው ነዋሪ ሁሉ ላይ መቶ ዓመት ቀንስ የሚል ትእዛዝ ጻፈች። እስከ 17 ላለው ብቻ የሚለውን ገደብ ሳታስገባ ቁልፉን ተጫነች፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

ትንሿ እጅ ከበሩ ጠፋች። አግዳሚዎቹ ዝም አሉ፣ ኮሪደሩም ባዶ ሆነ። ማዕዶት ትንፋሿ እየሞቀ ጭኗ ላይ አለች። ርብቃ አምላኳን አመስግና አለቀሰች።

ጋሽ ደምሰው ገብተው ሕፃኗን አነሷት።

«አንቺ ሚጢጢ፣ ማነው ብቻሽን እዚህ የተወሽ?»

«ጋሼ፣ አለሁ እኮ» አለች ርብቃ። ዞር አላሉም። ስክሪኑ ላይ 82 ተብሎ የተመዘገበው የራሷ የልደት ዓመት 1882 ሆኗል፤ በሙሉ አኃዝ የተመዘገበው የጋሽ ደምሰው ግን አልተነካም።

«እናትሽስ የት ናት?» አሉ ሽማግሌው።

ማዕዶት በትከሻቸው ላይ ሆና ወንበሩን ትክ ብላ አየችውና «እናት የለኝም» አለች።